በቃኝ የማያውቀው እርሾ

ጥር ሊያልቅ ሲል ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተነሣሁት የጠላ ዝቃጭ ለመለመን ነው። ጎረቤቴ «ለሥራ ነው ወይስ ለዘመድ?» ብላ ስትጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኳት። የቀለድኩባት መስሏት ሳቀች። ሥራዬ ግን ይኸው ነው። የእርሾ ዘር እየለየሁ፣ እያራባሁና ጠባዩን እየተከታተልኩ በላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ።

ለጉዞው ምክንያት የሆነኝ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ስልክ ነው። ደዋዩ አበባው ይባላል፤ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ አንድ ጊዜ ለሥልጠና መጥቶ ሥራችንን አይቶ ነበር።

«ዲማ አካባቢ ጠላ የምትጠምቅ አክስት አለችኝ» አለኝ። «ካለፈው ክረምት ወዲህ ጠላዋ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ሙዝ ግን ቤቷ ገብቶ አያውቅም።»

«እርሾውን ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከራሷ ማሰሮ። ግን ቶሎ ካልመጡ ልትደፋው ነው። ሰው በነገር አቃጥሏታል።»

ነገሩ ለምን እንዳስቸኮለኝ ላስረዳ። እርሾ ገላውን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች ነው። ከእነዚህ አንዱ ሉሲን ይባላል። ጤነኛ እርሾ ሉሲን ሲበቃው ማምረቱን ይተዋል፤ የተጠራቀመው ሉሲን ራሱ የማምረቻውን በር ይዘጋዋል። አልፎ አልፎ ግን በአንዱ ሕዋስ ጂን ላይ በአጋጣሚ ትንሽ ለውጥ ይደርሳል፤ ሚውቴሽን የምንለው ነው። ለውጡ ያንን መዝጊያ ካበላሸው እርሾው በቃኝ አያውቅም፤ ማምረቱን ይቀጥላል። በዚያው መንገድ ላይ የሚተርፈው ነገር ተለውጦ እንደ ሙዝ የሚሸት ቅመም ይሆናል። እንዲህ ያለ እርሾ በላቦራቶሪ ሆን ተብሎ ሲወጣ አውቃለሁ። በገጠር ማሰሮ ውስጥ በራሱ የመጣ አይቼ ግን አላውቅም ነበር። እርግጥ ጠላ በሌላ ምክንያትም ሙዝ ሊሸት ይችላል። ሄዶ ማየት ነበረብኝ።

ወደ ደብረ ማርቆስ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ደውዬ ካረጋገጥኩ በኋላ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ የብርዱ ልብስ ሁሉ ከተሳፋሪው ላይ ወለቀ። የዓባይ በረሃ በዚህ ወቅት ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ ዝንጀሮዎች በአስፋልቱ ዳር ተደርድረው የሚወረወርላቸውን ይጠብቃሉ። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ስንወጣ ደግሞ ሁሉም መልሶ ደረበ። ከደጀን በኋላ ሜዳው ይዘረጋል። ጤፉ ታጭዶ አልቋል፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ የገለባው ክምር ከቤቶቹ ይበልጣል።

ደብረ ማርቆስ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። አበባው መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቀጭንና ፈጣን ተናጋሪ ነው። ከጮቄ ተዳፋት የመጣ ድንች ተቀቅሎ በሚጥሚጣ የሚቀርብበት ቤት ወሰደኝና እየበላን የአክስቱን ነገር አጫወተኝ።

ወይዘሮ ይርገዱ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በገበያ ቀን ጠላ እየሸጠች ነው። የጊዮርጊስ ማኅበርም አላት። ባለፈው ኅዳር ተራው ደርሷት ደገሰች። ማኅበርተኛው ጠላውን ወደደው። በማግስቱ ግን አንድ ሽማግሌ ሆዳቸውን አመማቸው። ያን ጊዜ ጎረቤቷ ወይዘሮ ጥሩሰው፣ እሷም ጠማቂ ናት፣ «እኔስ ነግሬ ነበር፤ ከቁይ ከተማ ሱቅ የኬክ ሽታ እያመጣች ትጨምርበታለች» አለች። ወሬው ለመዞር ጊዜ አልፈጀም። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ ለጊዜው ከተራ አወጧት። የገበያ ደንበኞቿም ቀነሱ።

«እርሾውን ደፍታ እንደ ድሮው ብትጠምቅ አይቀልም?» አልኩት።

«እኔም ብያታለሁ። 'ብደፋው እውነት ነበር ይሉኛል፤ ባልደፋው አይጠጡልኝም' ትላለች። አሁን ግን ደክሟታል።»

ዲማ

በማግስቱ ቢቸና ድረስ በመኪና፣ ከዚያ መንገዱ እስከፈቀደ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። ከአንድ ዛፍ ሥር የአብነት ተማሪዎች ትምህርታቸውን በቃል ሲቀጽሉ ይሰማል። አበባው «እዚህ አገር ሰው ሰላምታ ሲሰጥህ እንኳ ሁለት ጊዜ ነው የምትሰማው፤ አንዴ ሰሙን፣ አንዴ ወርቁን» ያሉትን የአንድ መምህሩን ቀልድ ነገረኝ።

ወይዘሮ ይርገዱ ደጃፏ ላይ ብቅል እያሰጣች አገኘናት። ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሠረች ሴት ናት። አበባውን ስማ እኔን ትክ ብላ አየችኝ።

«ከመንግሥት ነሽ፣ ልጄ?»

«አይደለሁም፣ እማማ ይርገዱ። እርሾ የማጠና ነኝ። ማሰሮዎን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ማሰሮዬን!» አለችና ወደ አበባው ዞረች። «ከዚያ ሁሉ አገር ማሰሮ ልታይ?»

ገባን። ጠላ በጣሳ ቀዳችልኝ። ወደ አፌ ከማስጠጋቴ ሽታው ቀደመኝ፤ የበሰለ ሙዝ ሲላጥ የሚሸተው፣ ከሥሩ የጌሾው ምሬት ያለበት ነው። የተጨመረ ሰው ሠራሽ ሽታ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይንሳፈፋል፤ ይህ ግን ከጠላው ጋር አንድ ሆኗል። አፍንጫዬን ግን ማስረጃ አላደርገውም።

ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ማሰሮ አመጣችልኝ። በጠመቀች ቁጥር ከጋኑ ሥር ዝቃጭ ትይዝና ለሚቀጥለው ጥንስስ እርሾ ታደርገዋለች። እናቷም እንዲህ ያደርጉ ነበር። ጎረቤቶቿም የየራሳቸው ማሰሮ አላቸው።

«ሽታው ሲመጣ ምን አሉ?» አልኳት።

«ፈራሁ እንጂ ምን እላለሁ! እጄን ሸተትኩ፤ ጌሾውን ሸተትኩ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ደግሜ ጠመቅሁ፤ ያው ነው። በኋላ ሰው ወደደው፤ እኔም ለመድኩት። አሁን ደግሞ…» እጇን ወደ ውጭ ወረወረችው። «አሁን የሰው ፊት ከበደኝ፣ ልጄ። ማኅበር ከቀረሁ ጀምሮ በጊዮርጊስ ቀን በር ዘግቼ ነው የምውለው።»

ከዝቃጩ በያዝኩት የታሸገ ጠርሙስ ቀዳሁ። እኔ የመጣሁበት ጉዳይ በዚህ ተፈጽሞ ነበር። አበባው ግን ቆሞ ያየኝ ነበር።

«እዚሁ ማሳየት አይቻልም?» አለ። «ከማሰሮው እንደሆነ ሰው በዓይኑ እንዲያይ?»

ይቻል ነበር። ጌሾውንም ብቅሉንም ከአንድ ቤት ወስዶ ሁለት እንስራ መጥመቅ፤ በአንዱ የይርገዱን እርሾ፣ በሌላው የሌላ ሰው እርሾ መጨመር። ቦታው የወይዘሮ ጥሩሰው ቤት ቢሆን ማንም «ጨመረችበት» ሊል አይችልም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ።

«እማማ ይርገዱ፣ እርሾዎ እዚያ ቤት ከገባ አይመለስም። ወይዘሮ ጥሩሰው ከፈለገች ታስቀረዋለች። ነገ የእሷም ጠላ እንደ እርስዎ ጠላ ይሸታል። በገበያ ቀን የእርስዎ ብቻ የሆነው ነገር ይቀራል።»

አበባው ይህን አላሰበበትም፤ ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያው ይቅር፣ አክስቴ» አለ።

ወይዘሮ ይርገዱ ማሰሮዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የማሰሮዋን ጠርዝ በጣቷ ስትጠርግ ቆየች።

«ጠላ የሚሸጠው ሰው ሲገባ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሰው ካልገባ የማንን ሽታ ልሸጥ ነው? ውሰዱት።»

ሁለቱ እንስራዎች

የማኅበሩ ሙሴ አያ ሞላ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ቅኔ ቆጥረው ኋላ ወደ እርሻ የተመለሱ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁሉንም ሰሙኝ።

«እና ሽታው ከሷ እርሾ ከወጣ ምን ማለት ነው?»

«ምንም ከሱቅ አልጨመረችም ማለት ነው። ለምን እንዲህ እንደሸተተ ግን እዚህ አልነግርዎትም፤ እሱን የማውቀው አዲስ አበባ ስመለስ ነው። የሰውዬው ሆድ ለምን እንደታመመም አላውቅም።»

«የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ደግ ነው» አሉና ተነሡ።

ወይዘሮ ጥሩሰው አጠር ያለች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። መጀመሪያ እምቢ አለች። «ቤቴ የሸንጎ ቦታ ነው እንዴ?» አለች። አያ ሞላ «ያወራሽው እውነት ከሆነ ምን ትፈሪያለሽ?» ሲሏት ግን ጌሾዋን አወጣች። ውኃው፣ ብቅሉና ጌሾው የእሷ ሆነ፤ እንስራዎቹንም እሷው አጥባ አጠነቻቸው። እርሾውን የጨመሩት አያ ሞላ ናቸው፤ በአንዱ የጥሩሰውን፣ በሌላው የይርገዱን። እኛን ሁሉ ከቤት አስወጥተው ስለነበር የትኛው የማን እንደሆነ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም። የእንስራዎቹ አፍ ተከድኖ በጭቃ ሲመረግ በእርጥቡ ጭቃ ላይ የመቋሚያቸውን ጫፍ አተሙበት። ድፍድፉ ሲጨመርም እሳቸው ቆመው ከፍተው እሳቸው እንዲዘጉት ተስማማን።

ቁይ

ጠላው እስኪደርስ ሌላ እርሾ ልሰብስብ ብዬ ወጣሁ። ቁይ የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። አህዮች ጤፍና በርበሬ ተጭነው ከየአቅጣጫው ይገባሉ፤ ከአንዱ ዳስ የገብስ ዳቦ በአዋዜ በላሁ፤ ጠላ በጣሳ ሃያ ብር ነው። ከቀመስኳቸው ቤቶች አንዱም ሙዝ አልሸተተም።

በወሬው ስሙ የተነሣው ሱቅ የሐጂ ሰይድ ነው። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሠሩ ሽማግሌ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠዋል። የጠላውን ነገር ሳላነሣ ጠየቅኋቸው።

«ሐጂ፣ የኬክ ሽታ ይሸጣሉ?»

«ቫኒላ አለ።»

«የሙዝስ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘንድሮ ሰው ምን ነካው? ከዲማ በኩል የሚመጣ ሁሉ የሙዝ ይለኛል። ኖሮኝ አያውቅም።» ምክንያቱን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይርገዱን አውቃታለሁ። ከእኔ የምትገዛው ጨው፣ ክብሪት፣ አንዳንዴ ሳሙና ነው። እኔ ጠላ አልቀምስም፤ ስለ ሽታው መመስከር አልችልም። ስለ ሱቄ ግን እመሰክራለሁ። ይህን ለአለቃቸው ንገሪልኝ።»

በአንድ ሱቅ አለመገኘቱ ሌላ ቦታ የለም ማለት አይደለም። መልእክቱን ግን ያዝኩ። ከዚያ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ደብረ ኤልያስ ተሻግሬ በዚያም ከጠማቂዎች ዝቃጭ ለመንኩ። አንዷ «የሚያልቀው ጠላ እያለ የሚደፋውን ትወስጃለሽ?» ብላ ገረማት፤ ዝቃጩን በደስታ ሰጠችኝና ጠላውንም ካልጠጣሽ አትሄጂም አለችኝ። በሚኒባሱ መስኮት የባሕር ዛፉን ረድፍ እያየሁ ስመለስ ስለ ዲማው እንስራ ደጋግሜ አሰብኩ። ሽታው ካልመጣ ይርገዱን ከነበረችበት የባሰ ጉድጓድ ውስጥ የከተትኳት እኔ እሆናለሁ። በላቦራቶሪ ሙከራ ሲከሽፍ ሳህኑን እጥላለሁ፤ እዚያ ግን የሚጣል ነገር አልነበረም።

እንስራው ሲከፈት

ዲማ ስመለስ የጥሩሰው ግቢ ሰው ሞልቶታል። የማኅበሩ ሰዎች በየድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሆዳቸውን አሟቸው የነበሩት ሽማግሌም መጥተዋል። ወይዘሮ ይርገዱ ከአጥሩ አጠገብ ቆማለች፤ «ግቢ» ብትባልም አልገባችም።

አያ ሞላ ጭቃውን ለሁሉም አሳዩ፤ ማኅተሙ አልተነካም። ከዚያ ጥሩሰውን ጠሯት።

«አንቺው ክፈቺ። አንቺው ቅመሺ።»

የመጀመሪያውን ከፈተች። ቀድታ ሸተተች፤ ጠጣች። «ይህ የእኔ ነው» አለች፤ ማንም አልተከራከረም። ወደ ሁለተኛው ሄደች። ክዳኑን ስታነሣ እጇ ባለበት ቆመ። እኔ ራቅ ብዬ ነበር የቆምኩት፤ ሽታው እስከ እኔ ደረሰ። ሙዝ ነበር።

 ሆዳቸውን አሟቸው የነበሩት ሽማግሌ ሳቁ። «እህ! ጥሩሰው፣ አንቺም ከሱቅ ገዛሽ?»

ሌላውም ሳቀ። ጥሩሰው ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ እንስራው ውስጥ ታይ ነበር። «የእኔ ብቅል» አለች ለራሷ ያህል። «የእኔ ጌሾ። የእኔ ውኃ።»

አያ ሞላ የሐጂ ሰይድን ምስክርነት እንድናገር አደረጉኝ። ከዚያ እንዴት እንደሚሆን ጠየቁኝ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ እንደ እህል ዘር ዘር እንዳለው፣ አልፎ አልፎ ከዘሩ ወጣ ያለ እንደሚፈጠር ነገርኳቸው። «ይህኛው ሲበቃው በቃኝ ማለት የጠፋበት ይመስለኛል፤ ገና አላረጋገጥኩም» አልኩ።

አያ ሞላ ወደ ማኅበርተኛው ዞሩ። «ስለ ጠላ ብለን ሰው ጠላን» አሉ ቀስ ብለው። በዚያ አገር ቃሉን መፍታት አያስፈልግም፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። «የሚመጣው የጊዮርጊስ ተራ የይርገዱ ነው።»

ጥሩሰው ዋንጫ አጠበች። ከሁለተኛው እንስራ ሞልታ ቀድታ በሁለት እጇ ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች።

«በአፌ ያወጣሁትን በአፌ እመልሰዋለሁ» አለች። «ሰው ፊት ነው ያልኩት፤ ሰው ፊት ነው የምለው። ዋሽቻለሁ። ስትሸጪ አይቼ ቀናሁ።»

ይርገዱ ዋንጫውን ወዲያው አልተቀበለችም።  ከዚያ ተቀብላ ጠጣች፤ ከንፈሯን ጠርጋ፣ «ጌሾሽ በዝቷል» አለች።

መልስ

አዲስ አበባ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ጠርሙሶቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ቤቴ ገብቼ የጎጃምን አቧራ ታጠብኩ። ሥራው የተጀመረው በማግስቱ ነው። ሉሲንን የሚመስል፣ ሉሲን ግን ያልሆነ መርዝ አለ። ተራ እርሾ ተታልሎ ይወስደውና እድገቱ ይቆማል። የራሱን ሉሲን አትረፍርፎ የሚያመርት ግን መርዙ አይጎዳውም። ከጥሩሰውም ለምኜ ያመጣሁት፣ የቁይና የደብረ ኤልያስ እርሾዎችም በሳህኑ ላይ አልበቀሉም። የይርገዱ በቀለ። ቆይቶ የጂኑ ንባብ ሲመጣ ማምረቻውን በሚዘጋው ቦታ ላይ የአንድ ፊደል ለውጥ ተገኘ።

ሌላም ነገር አየሁ። ይህ እርሾ ከተራው ጋር አብሮ ሲበቅል ይሸነፋል። ብዙ ስለሚደክም ነው መሰለኝ፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ተራው ይውጠዋል። በዱር ቢሆን ኖሮ ጠፍቶ ነበር። የቆየው አንዲት ሴት ማሰሮዋን ለይታ ስላኖረችው፣ ሲያሙባትም ስላልደፋችው ነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ብጠየቅ የምለው ጥቂት ነው። አንድን እርሾ እንግዳ ያደረገው ለውጥ በዓይን አይታይም። ሰው ግን ያልገባውን ነገር ባዶውን አይተወውም፤ ወሬ ይሞላበታል። ወሬውን ያጠፋው እኔ የያዝኩት ዕውቀት አይደለም። ሁሉም ፊት የተከፈተ እንስራ ነው፤ እንስራው እንዲከፈት ደግሞ ያላትን አንድ ነገር አሳልፋ የሰጠች ሴት ነበረች።

ውጤቱን ልነግራት ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአበባው ስልክ አገኘኋት። የፊደሉን ነገር በጥሞና ሰማችኝ፤ ብዙም አላስደነቃት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «የነጥሩሰው ጠላ ሽታው ጠፋ። ሁለቴ ሦስቴ ጠመቁ፤ ከዚያ ድራሹ የለም።»

«ከራሳቸው እርሾ ጋር ተቀላቅሎባቸው ነው። ያንን ተራው ይውጠዋል። የእርስዎ ማሰሮ ብቻ ነው ንጹሑን የያዘው።»

«እንደሱ ነው? እኔማ መጥተው ሲለምኑኝ እሰጣለሁ።»

«አይቆጭዎትም? እምቢ ቢሉ እኮ የእርስዎ ብቻ ይሆናል።»

ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የሆነ ሰው እየሳቀ አንድ ነገር አላት።

«ጥሩሰው ናት፤ ማሰሮዋን ይዛ መጥታ ነው» አለችኝ። «ድሮ በአጥር ላይ ነበር የምንተያየው። አሁን ለእርሾ ትመጣለች፤ ስትመጣ ትቀመጣለች፤ ስትቀመጥ ቀኑ ይመሻል። እምቢ ብላት ማን ሊመጣልኝ ነው?»